ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

«ሐይቁ በአልጌ ተወረረ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የዜና ተከታታይ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ሐይቁ አንዴ ቆቃ ነው፤ አንዴ የቢሾፍቱ ሆራ፤ አንዴ ደግሞ ጣና። ወራሪውም ይቀያየራል፤ በአልጌ ፋንታ እምቦጭ ይገባና ዜናው ይቀጥላል። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ አይለወጥም። ዘጋቢው ይመታዋል፣ ባለሥልጣኑ ይመታዋል፣ እኛም «ወይ ጉድ!» ብለን ከንፈራችንን እንመጥና ወደ ስፖርቱ ገጽ እንገለብጣለን።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር አብዝቶ ያጨቃጨቀኝ ነገር ቢኖር ባለቤት ነው። የቤት ባለቤት ማለቴ አይደለም፤ የዓረፍተ ነገር ባለቤት። አማርኛችን አድራጊን ለመሸሸግ የሚመች ቋንቋ ነው። «ተ»ን ከግሡ አናት ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። ሰበረ የነበረው ተሰበረ ይሆናል፤ ሰባሪውም በጓሮ በር ውልቅ ይላል። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅበታል። «ብርጭቆውን ሰበርኩት» ብሎ የሚመጣ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ብርጭቆው ተሰበረ» ነው የሚለው። ሐይቁ ተበከለ፤ ወንዙ ተመረዘ፤ ውኃው ተበላሸ፤ ብርጭቆው ተሰበረ።

«የለም፣ ይኼኛው አድራጊ አለው፤ ወራሪው አልጌ ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ወራሪ ከውጭ ይመጣል፤ ድንበር ጥሶ፣ ጦር ሰብቆ። አልጌ ግን ከየትም አልመጣም። በየትኛውም ኩሬ፣ በየትኛውም ሐይቅ፣ ሁለት ሳምንት ሳይደፋ ፀሐይ ላይ በከረመ በርሜል ውስጥ ሳይቀር አለ። ቆቃ ጥርት ባለበት ቀንም ነበረ፤ በዓይን የማይታይ ጥቂት ሆኖ፣ ያገኘውን እየቀማመሰ። የተለወጠው ቀለቡ ነው። ጠላት አድርገን የሣልነው ይህ ፍጡር ሌላ ሰው ያቀረበለትን ማዕድ የሚበላ እንግዳ ነው። አስተናጋጁ የታለ?

ለነገሩ ስሙም ገና አልረጋም። የሳይንስ ቃላት ያዘጋጁልን ሰዎች አልጌን «ዋቅላሚ» ብለውታል። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ወጥቶ ገበያ ሲውል ግን አላየሁትም። ሰዉ አልጌ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ውኃውን እስኪያለብሰው ድረስ ሲበዛስ ምን እንበለው? ፈረንጆቹ «አበበ» ይላሉ። ለእኛ ማበብ መስከረም ነው፤ ዐደይ አበባ ነው፤ ለሚገማ ውኃ አንሰጠውም። «ፍንዳታ» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። ይህ ይብሳል። የሚፈነዳ ነገር ድንገተኛ ነው፤ ድንገተኛ በሆነ ነገር ደግሞ ማንም አይጠየቅም። ቃሉ በእጃችን እያለ ለምን እንደምንቸገር አይገባኝም። ጉንዳን ሲበዛ ምን እንላለን? «ጉንዳን ፈላ» እንላለን። ትኋን ይፈላል፣ አይጥ ይፈላል። አልጌም ይፈላል። ጉንዳን የፈላባት እመቤት ደግሞ ጉንዳኑን ከመርገሟ በፊት ጎንበስ ብላ የተደፋ ስኳር ትፈልጋለች። የሐይቅ ሳይንስ ከዚህች ሴት ዘዴ ብዙም አይርቅም።

የተደፋው ስኳር በአብዛኛው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ነው። በማዳበሪያ ውስጥ አለ፤ በሰገራና በሽንት ውስጥ አለ፤ ፎስፌት ባለበት የልብስ ሳሙና ውስጥ አለ። አንድ ጎልማሳ በቀን ከ1 ግራም በላይ ፎስፈረስ ያስወጣል። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ውኃ ውስጥ ሲገባ እስከ 500 ኪሎ አልጌ ሊያበቅል እንደሚችል የዘርፉ ሰዎች ያሰላሉ። ሒሳቡን ለአዲስ አበባ ሕዝብ ያባዛ ሰው እንቅልፍ ባይወስደው አይደንቅም።

ይህን የሚያስረዳ፣ ከብዙ መጻሕፍት የሚበልጥብኝ አንድ ፎቶግራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳዊው ሊቅ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በኦንታሪዮ አንድ ወገቧ ቀጠን ያለ ትንሽ ሐይቅ መረጡ። ስም እንኳ የላትም፤ ቁጥሯ 226 ነው። ወገቧ ላይ የፕላስቲክ መጋረጃ ጋረዱና ለሁለት ከፈሏት። በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በአንደኛው ብቻ ፎስፈረስ አከሉበት። ከአውሮፕላን የተነሣው ሥዕል ሌላ ማብራሪያ አይሻም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ጠቆር ያለ ጥሩ ውኃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል። ያኔ የሳሙና አምራቾች «ጥፋቱ የእኛ ፎስፌት አይደለም» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ፎቶው ባለቤቱን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መለሰው። የአውሮፓ ኅብረት ዘግይቶም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በቤት ውስጥ የልብስ ሳሙና የሚገባውን ፎስፌት በሕግ ገድቧል።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው ይባላል፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲሉ ሰምተን ካዛንቺስ አልናት። የቂርቆስ ጎረቤት ናት፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ ያለባት፣ ስለ ውኃ ሀብት የታሸገ ውኃ እየተጠጣ ብዙ የተመከረባት ሰፈር ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ አሮጌው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት በአብዛኛው ፈረሰ። ቤቱ ፈረሰ፤ ሰው ግን ልብስ ማጠቡንና መጸዳጃ ቤት መሄዱን አላቆመም። ያ እጣቢ የት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ልንገራችሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኝና ባንተይቀጡ ይገባል፤ ቀበና ይገባል። እነሱ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። ትልቁ አቃቂ ከትንሹ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል። አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነበር፤ ዛሬ ግን የከተማው ሁሉ ማጠቢያ ሳፋ ሆኗል። ከዚያ ተርፎ የሚሄደው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ቆቃ ይገባል።

ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ግድቡ ተመርቆ መብራት የሰጠን ሐይቅ ነው። ሌላ ስም አለው፤ ገሊላ። ስሙን ያወጣለት ሰው ያሰበው የወንጌሉን ባሕር ይሆናል፤ በዓሣ የሚሞላ፣ ጀልባ የሚሳፈሩበት። ዓሣውስ አለ፤ ቆሮሶውም አምባዛውም አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ በዘይት ይንጫጫል። ነገር ግን ብዙ ዓመት ሆነው፣ ቆቃ ላይ የሚፈላው «ማይክሮሲስቲስ» የሚባል ፍጡር ነው። ትክክለኛ አልጌም አይደለም፤ ፀሐይ መመገብ የተማረ ባክቴሪያ ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ሳያኖባክቴሪያ ከሚሏቸው ወገን። በውስጡ አየር የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች አሉት። ነፋስ ሲተኛ በእነሱ ተንሳፎ ወደ ላይ ይወጣና እንደ አረንጓዴ ቀለም ይረጋል። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ወደ ዳር ይገፋዋል።

ይህችን «ወደ ዳር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ተመራማሪ በጀልባ ወደ መሐል ገብቶ ይቀዳና ይለካል። ቆቃ ዳር ያለች እናት እንስራዋን የምትሞላው ከዳር ነው። ሐይቁ በአማካይ «መካከለኛ» ሊባል ይችላል፤ እሷ የምትቀዳበት ቦታ ግን የሐይቁ ሁሉ መርዝ የተሰበሰበበት ሊሆን ይችላል። አማካይ ቁጥር ውኃ አይጠጣም።

መርዙ ጉበትን ነው የሚያጠቃው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ግርማ ጥላሁንን ጨምሮ የኢትዮጵያ፣ የስዊድንና የፊንላንድ ተመራማሪዎች ስለ ሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ቆቃ ላይ የተገኘው ከዚህ ወሰን በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አልጀዚራ ያንኑ አረንጓዴ ውኃ የሚጠጡ ሰዎችን ለዓለም አሳይቶ ነበር። «ታዲያ አፍልተው አይጠጡትም?» የሚል ብልህ አይጠፋም። ማፍላት ይህን መርዝ አይገድለውም። እንዲያውም ሕዋሱን ቀድዶ በውስጡ ያለውን መርዝ ወደ ውኃው ይለቅቀዋል። እናቶቻችን ስለ ውኃ ከሐኪም የተማሩት ዋነኛ ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ዓሣ ወዳዶችም ብትሆኑ፣ መርዙ ከሥጋው ይልቅ በጉበቱና በሆድ ዕቃው ውስጥ ስለሚከማች ሆድ ዕቃውን አርቃችሁ ጣሉ።

በልጅነታችን የሰማነው የጅብና የአህያ ተረት አለ። ጅብ ከወንዙ ላይኛው በኩል ሆኖ ይጠጣል፤ አህያ ከታች። «ውኃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» ይላታል። አህያም ነገሩ ገብቷት «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። እኛ ይህን ተረት ስንተርት ሁልጊዜ ራሳችንን አህያዋ ጋ ነው የምናስቀምጠው። አቀማመጡን በካርታ ላይ ፈልጉት እንግዲህ። ካዛንቺስና ቂርቆስ የት ናቸው? ከላይ። ቆቃስ? ከታች። ታዲያ ከላይ ሆነን «የቆቃ ሕዝብ ያልተጣራ ውኃ እየጠጣ ተቸገረ፤ ግንዛቤ ያስፈልገዋል» ስንል የማን ድምፅ ነው የምናሰማው?

ለፍትሕ ያህል ይህን ልበል፤ ጥፋቱ የካዛንቺስ ብቻ አይደለም። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችን እጣቢ ይዞ ቆቃ ይገባል። ከላይኛው አዋሽ ማሳዎች አፈርና ማዳበሪያ ይታጠባል። ፋብሪካው ግን ቢያንስ በር ላይ ስሙ ተጽፏል፤ አንድ ቀን ይከሰስ ይሆናል። የእኔና የእናንተ ማጠቢያ ገንዳ ስም የለውም። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ደግ ሥራ ነው። ግን ከተማው ሁሉ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም። የተለመደ ማጣሪያም ሽታውንና ጭቃውን ያነሣል እንጂ፣ ለፎስፈረስ ተብሎ ካልተሠራ አብዛኛውን ፎስፈረስ ያሳልፈዋል። ውኃው ሲወጣ ለዓይን ይጠራል፤ ማዕዱ ግን አልተነሣም። ስለ ወንዝ ዳር ማስዋቡም ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው የሸገር ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ዳርቻ እንዲለማ ታቅዷል። ዳርቻው ሲያምር እኔም በእግሬ ተዝናንቼበታለሁ፤ አላማም። ነገር ግን ቆቃ የሚሄደው ዳርቻው አይደለም፤ ውኃው ነው።

መተንበይ ይቻላል ወይ? ይቻላል። «ድንገተኛ» የምትለዋ ቃል ያስመረረችኝም ለዚህ ነው። በአሜሪካ የኢሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ክፍል በየበጋው ይፈላበታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 የቶሊዶ ከተማ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎችን «ከቧንቧ አትጠጡ፤ አፍልታችሁም አትጠጡ» ብላ ሦስት ቀን ያህል ከለከለች። ዛሬ የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በበጋው መባቻ ላይ የዚያን ዓመት መፍላት ክብደት በቁጥር ይናገራል። ከምን ተነሥቶ መሰላችሁ? በዋነኛነት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ማውሚ የተባለው ወንዝ ተሸክሞት ከገባው ፎስፈረስ። የነሐሴው አረንጓዴ በመጋቢት ጎርፍ ውስጥ ተጽፏል፤ ያንን ማንበብ ነው። ደህና ልቦለድ ያነበበ ሰው ይህን ያውቃል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ የሚሞተው ሰውዬ በሁለተኛው ምዕራፍ ሲያስል ነበር።

እኛስ ሳሉን ሰምተናል? የሰሙ አሉ፤ ችግሩ የጻፉበት መንገድ ነው። አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስለ ቆቃ፣ ስለ ለገዳዲ፣ ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ተደርድረዋል። አገሪቱ በዚህ መስክ ስም አላት። ገና እ.ኤ.አ. በ1973 ቶሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩ ምሁራን ጋር ሆኖ ያሳተመው ጥናት ቢሾፍቱ አካባቢ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ ላይ የተሠራ ነበር፤ የውኃ ዕፅዋት ፀሐይን ወደ ምግብ የመለወጥ የመጨረሻ አቅማቸው የት ድረስ እንደሆነ ዓለም ከዚያ ተምሯል። (ያ ሐይቅ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ ሲፈጥረው አረንጓዴ ነው። የሶዳ ውኃ ነው፤ የሚፈላበት ስፒሩሊና ደግሞ ፍላሚንጎዎች የሚመገቡት ነው። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።)

የመመረቂያ ጽሑፍን እንደ አንድ የድርሰት ዘርፍ ልገምግመው ብል አንጀቴ ያርራል። መቶ ገጽ የሚበልጥ ልፋት አለ፤ ጎርፍ የተሻገረ፣ ጀልባ የለመነ ወጣት አለ፤ በየወሩ የተቀዳ ውኃ አለ። መጨረሻ ላይ «ምክረ ሐሳብ» የሚባል ገጽ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ሁሉም በአንድ ቃል «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል፤ የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ይስጡ» ይላሉ። የሚመለከታቸው አካላት! ከዚህ የበለጠ ባለቤት አልባ ሐረግ በአማርኛ አልተፈጠረም። ጽሑፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቆቃ ዳር ያለው ሰው በኦሮምኛ ነው የሚኖረው። ወጣቱ ይመረቃል፤ ልኬቱ በተመረቀበት ቀን ይቆማል። ትንበያ የሚፈልገው ያልተቋረጠ ልኬት ነው። ለሁለት ዓመት የተለካ ሐይቅ ሁለት ገጹ የተነበበ መጽሐፍ ነው።

መሣሪያው ውድ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የውኃን ጥራት የለካው ነጭ ሳሕን በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ባሕር በማውረድ ነበር፤ ሳሕኑ ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት መመዝገብ ብቻ ነው። ዛሬም ይሠራበታል። የቆቃ ዓሣ አጥማጅ በየሳምንቱ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። በዚያ ላይ የአውሮፓ ሳተላይቶች በየጥቂት ቀኑ ያነሡት የሐይቆቻችን ሥዕል በነፃ ይገኛል። የጎደለው ሳሕን አይደለም፤ በየሳምንቱ ሳሕኑን አንብቦ ስሙን የሚፈርም ሰው ነው።

ነገሩ የታችኞቹ ብቻ ጉዳይ መስሎን ከሆነም ተሳስተናል። ለገዳዲ ለአዲስ አበባ ትልቁን ድርሻ ከሚያጠጡ ግድቦች አንዱ ነው። ሐና ሀብተማርያምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ከለገዳዲ ውኃ ላይ ሳያኖባክቴሪያን በማርጊያ ኬሚካልና እዚያው ባለው የአፈር ዝቃጭ ክብደት ወደ ታች ማስመጥ ይቻል እንደሆነ ፈትሸዋል። ጥናቱን የወደድኩት ምክንያት ቀላል ነው፤ ጭቃው ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ያገሩን ውኃ ያወቀ ሰው ነው። ጥያቄው የተነሣው ግን ያ ፍጡር የምንጠጣው ውኃ ውስጥም ስላለ ነው። ለለገዳዲ እኛ የታችኞቹ ነን። ከግድቡ በላይ ያለው ገበሬ፣ እየተስፋፋ ያለው ከተማ፣ እነሱ የላይኞቹ። አያ ጅቦም ከፍ ያለ ወንዝ ላይ ሌላ ጅብ አለበት።

የእምቦጩን ጊዜ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ሲታይ አገር ተነቃነቀ፤ ሰው ከአዲስ አበባ ሳይቀር በአውቶቡስ ተጭኖ ሄዶ በእጁ ነቀለ። ያ ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ አልቀለድበትም። ግን እምቦጭ በአዋሽና በቆቃ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ለቆቃ ማንም አውቶቡስ አልተከራየም። እምቦጭ ደግሞ ይነቀላል፤ ክምሩ ይታያል፤ ፎቶ ይነሡበታል። ማይክሮሲስቲስ አይነቀልም። ሁለቱ የሚበሉት አንድ ማዕድ ነው፤ እሱን ማንሣት ግን ፎቶ የለውም። ከካዛንቺስ ቱቦ ሥር ነው ያለው።

እንግዲህ እኔ የምጠብቀው ዜና የሚከተለውን ይመስላል። ከምሽቱ የአየር ጠባይ ዘገባ ቀጥሎ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አንዲት ሴት እንዲህ ትለናለች፦ «የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በዚህ ክረምት ይህን ያህል ፎስፈረስ ወደ አዋሽ ለቅቀዋል። በሚቀጥለው ወር ነፋስ ሲቀንስ ቆቃ በሰሜኑ ዳር ይፈላል። ከዚያ ዳር አትቅዱ፣ ከብትም አታጠጡ፤ ማፍላት አያድንም፤ ቦቴ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል፤ ወጪውን የሚከፍለው የአዲስ አበባ የውኃ ደንበኛ ነው።» የመጨረሻዋ ሐረግ ላይ ካዛንቺስ ውስጥ ጫጫታ ይነሣል፤ እኔም ሒሳቤን ሳይ ቅንድቤን ሳልቋጥር አልቀርም። ሰዋስዉ ግን ትክክል ነው።